ስድስት መቶ ሰባ ስድስት ሜትር

ለጭንጫ ሜዳ መንደር የተፈቀደችው አንዲት የውሃ ጉድጓድ ብቻ ነበረች። ይህን ከሽማግሌ እስከ ልጅ የማያውቅ አልነበረም። የመቆፈሪያው መኪና ከደሴ ወጥቶ ጋሸና ደርሷል፤ እዚያ ከጭነት መኪኖቹ መካከል ቆሞ መንገድ እስኪጠረግለት ይጠብቃል። የቆፋሪዎቹ አለቃ ምናለ በላንድሮቨር ቀድሞ መጥቶ ለገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ የተናገረው ቃል አጭር ነበር።

«አንድ ጉድጓድ፣ ስምንት ቀን። ውሃ ወጣም አልወጣ በዘጠነኛው ቀን መኪናዬ የሰቆጣ መንገድ ላይ ነው። ሌላውም አገር ጠምቶታል።»

ማንም አልተከራከረውም። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት፣ ወሩ የካቲት ነበር። የመንደሩ ምንጭ ከነጠፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱት ከገደሉ ሥር ከሚያልፈው ወንዝ ነው፤ ወርዶ መውጣቱ ግማሽ ቀን ይበላል። ባንችይርጋ የምትባለው የመንደሩ ሴት አምና እንስራ እንዳዘለች በዚያ ቁልቁለት ተንሸራትታ ክንዷ ተሰብሮ ነበር። ወጌሻ ቢያስረውም ሳይቀና ቀረ። ሰው ስለ ጉድጓዱ ሲያወራ እሷ ክንዷን እያሻሸች ታዳምጣለች።

ያቺን አንዲት ጉድጓድ ከወረቀት ላይ አንሥታ መሬት ላይ የምታኖር፣ «እዚህ ቆፍሩ» ብላ ችካል የምትተክል፣ ዓለምእሸት ነበረች።

ዓለምእሸት የላሊበላ ልጅ ናት። አባቷ የእንጨት መስቀል እየቀረጹ ለተሳላሚ የሚሸጡ ሰው ነበሩ። በአሥራ አራት ዓመቷ ለትምህርት ደሴ ሄደች፤ ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሞስኮ። ሰባት ዓመት የምድር ልኬት ተምራ ከተመለሰች ገና ስምንት ወሯ ነው። ከተመለሰች ወዲህ ግን አንድ ቦታ መርጋት አልሆነላትም። ቢሮ ስትቀመጥ ገጠሩ ያምራታል፤ ገጠር ስትወርድ ልቧ ቢሮ ነው። ሰው ሲያከብራት የሚያከብረው ሻንጣዋንና መሣሪያዋን እንጂ እሷን አይመስላትም። «ይህ ሁሉ ትምህርት ለላስታ ምን ሊፈይድ ነው?» ብላ ራሷን ትጠይቃለች፤ መልስ እስኪመጣም አትጠብቅም፤ ሌላ የመስክ ሥራ ትለምናለች። ወደ ጭንጫ ሜዳ የመጣችውም ለምና ነው።

በእጇ የነበረው ወረቀት ሁለት ብጣሽ ነው። አምና አንድ የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ አገሩን ዞሮ፣ የድንጋዩ ስንጥቆች የሚገናኙበትን ቦታ አጥንቶ፣ ጉድጓዱ የሚቆፈርበትን ካርታ ላይ ምልክት አድርጎበት ነበር። ምልክቱም በቁጥር ተነበበ፤ ወደ ምሥራቅ ይህን ያህል ሜትር፣ ወደ ሰሜን ይህን ያህል ሜትር። ካርታው ራሱ ግን ምስጢር ነው። በዚያ ዘመን ያለ ፈቃድ ካርታ ይዞ የተገኘ ሰው ለማን እንደያዘው እስኪያስረዳ ብዙ ሌሊት ያድራል። ስለዚህ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ቁጥሮቹን ብቻ በእጁ ገልብጦ ሰጣት። ወረቀቱ ሁለት መስመር አለው፤ የመጀመሪያው «የነጠፈው ምንጭ» ይላል፣ ሁለተኛው «ጉድጓድ»። በሌላው ብጣሽ ላይ ደግሞ የአንድ ምሰሶ ቦታ በዲግሪ፣ በደቂቃና በሴኮንድ ተጽፏል። ይህ ምሰሶ ከመንደሩ በላይ፣ ከጉብታው አናት ላይ ያለ የሲሚንቶ ምሰሶ ነው፤ በንጉሡ ጊዜ አሜሪካኖች አገር ሲለኩ የተከሉት።

ሥራው ለእሷ የጨዋታ ያህል ነበር። የምሰሶውን ዲግሪ ወደ ሜትር መለወጥ፣ ያንን ከጉድጓዱ ሜትር ጋር ማስተያየት፣ ልዩነቱን መሬት ላይ መለካት። ዲግሪውን ወደ ሜትር የለወጠችው ከሞስኮ ይዛው በመጣችው የሰንጠረዥ መጽሐፍ ነው። በእንግድነት ካረፈችበት ከባንችይርጋ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ አሰላች። ጉድጓዱ ከምሰሶው ትንሽ ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ያለ ሆነ፤ ሸለቆውም የሚገኘው በዚያው በኩል ስለሆነ ልቧ አረፈ። የምሥራቁ ቁጥር እንዲህ ሸጋ ሆኖ ሲመጣላት የሰሜኑን ሁለተኛ አላየችውም። ጉድጓዱ ከምሰሶው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባ ስድስት ሜትር ወደ ደቡብ ነው አለ ስሌቷ።

በመሣሪያዋ መስመሩን አስያዘች፣ በብረት ሜትር አስለካች፣ በመጣች በሁለተኛው ቀን ከመንደሩ ታች ቀይ አፈር ላይ ችካሏን ተከለች። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ውቤም ሰዉን ጠርቶ በማግስቱ መንገድ ማስጠረግ ጀመረ፤ የምናለ ስምንት ቀንም ከዚያ ጀምሮ መቆጠር ያዘ። ውቤ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ከስብሰባ የሚማረውን ቃል ሁሉ በማግስቱ የሚናገር፣ ልቡ ግን ደግ የሆነ ሰው ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ ድንጋይ ተፈነቀለ። በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ሰዉ ለእረፍት ተቀምጦ ሽምብራ ቆሎ እየቆረጠመ ሳለ አያ እንግዳው ወደ ዓለምእሸት ተጠጉ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ቀልድና ቁም ነገራቸው የማይለይ ሽማግሌ ናቸው። መሬት የግል በነበረ ጊዜ ገመድ ጣይ ነበሩ፤ ርስት ሲካፈል፣ ወሰን ሲያጣላ፣ ገመዱን ይዘው የሚለኩት እሳቸው ነበሩ።

«አንቺ የሞስኮዋ፣ ከዚያ ምሰሶ እስከዚህ ስንት ነው ያልሽው?»

«ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባ ስድስት፣ አያ።»

«በማን ገመድ?»

የተቀመጠው ሰው ሳቀ። ውቤ ቆሎውን ዋጥ አድርጎ ጣልቃ ገባ።

«አያ እንግዳው፣ ገመድ ከባላባቱ ጋር በዐዋጅ ቀርቷል እኮ። አሁን ያለው ሜትር ነው። ሜትር ደግሞ የማንም አይደለም፤ የሰፊው ሕዝብ ነው።»

«እሰይ፣ ሕዝቡም ደስ ይበለው» አሉ አያ እንግዳው። «እኔ የጠየቅኩት አንተን አይደለም።»

ዓለምእሸት ፈገግ ብላ የብረት ሜትሯን ዘርግታ አሳየቻቸው። «ሜትር በሁሉም አገር እኩል ነው፣ አያ። ሞስኮም ቢሄዱ ይኸው ነው።»

«እሱንስ አየሁት። እኔ የምለው ሌላ ነው። ይህ በእጅሽ ያለው ቁጥር ካንቺ የመጣ ነው ወይስ ከሌላ?»

«የጉድጓዱ ከሌላ ሰው ነው። የምሰሶውን እኔ ነኝ ያሰላሁት።»

«እና ያ ሰው በማን ገመድ ለካ?»

ዓለምእሸት የብረት ሜትሯን መጠቅለል ጀመረች። ሽማግሌው ከጎኗ ቁጢጥ አሉና፣ ለልጅ ተረት እንደሚነግር ሰው ረጋ ብለው ያወሩላት ጀመር።

«የቄሶቹ መሬት የሚለካበት ገመድ ሰባ ክንድ ነበር። የባላገሩ ደግሞ ስልሳ አራት። ሁለቱም ገመድ ነው የሚባል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ገመዱ ሳይጠራ ቁጥር አይጠራም፤ ‹በቄሶቹ አሥር›፣ ‹በባላገሩ አሥር› ይባላል። እኔ በጎልማሳነቴ አንድ ቀን ይህን ዘነጋሁ። ላይ ቤት በቄሶቹ ገመድ አሥራ ሁለት ለክቼ፣ ቁጥሩን በቃሌ ይዤ ታች ወረድኩ። ታች በእጄ የነበረው የባላገሩ ገመድ ነው። በሱ አሥራ ሁለት ብዬ ወሰን ተከልኩ። ሰባ ሁለት ክንድ ከሰው እርሻ ውስጥ ገባሁ። በዚህ ጠንቅ ሁለት ወንድማማች ዓመቱን ሙሉ አንዱን ቤተ ክርስቲያን በሁለት በር ሲሳለሙ ከረሙ። ስህተቱ ከቁጥሩ አልነበረም፤ አሥራ ሁለቱ አሥራ ሁለት ነው። ግን ቁጥር በአፍ ይሄዳል፤ ገመድ እቤት ይቀራል። ከዚያ ወዲህ ሰው ቁጥር ሲጠራ ዝም ብዬ መስማት አልችልም።»

«እሱማ እናውቃለን» አለ ከተቀመጡት አንዱ፤ «ገበያ ላይ የበግ ዋጋ ሲጠራም ይጠይቃሉ።»

ሰዉ እንደገና ሳቀ። ዓለምእሸት ግን አልሳቀችም። ወረቀቷን አውጥታ አየችው። «ጉድጓድ» ይላል፣ ከዚያ ቁጥር፤ ሌላ ነገር የለበትም። ካርታ በየጠርዙ በየትኛው አቆጣጠር እንደተሠራ በግልጽ ይጽፋል፤ ምድርን ምን ዓይነት ቅርጽ አላት ብሎ እንደተነሣ፣ ከየት ወዴት እንደሚቆጥር። ጸሐፊው የገለበጠላት ግን ቁጥሩን እንጂ ጠርዙን አልነበረም። እሷም አልጠየቀችም። ሰባት ዓመት በተማረችበት አገር ካርታው ሁሉ በአንድ አቆጣጠር ስለሆነ ማንም ስሙን አይጠራውም ነበር፤ ልክ ሰው የሚተነፍሰውን አየር ስም እንደማይጠራ። መጽሐፏም የዚያው አገር መጽሐፍ ነው።

ወረቀቱን አጥፋ ብድግ አለች።

ለማንም ሳትናገር ወደ ባንችይርጋ ቤት ወጣችና መጽሐፏን ገለጠች። የምንጩን መስመር አነበበች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያንን መስመር ሥራ ፈት አድርጋው ነበር፤ የነጠፈ ምንጭ ለማን ይበጃል ብላ። አሁን ግን ጉድጓዱን ባሰላችበት መንገድ ምንጩን አሰላችው። ወደ ችካሉ ተመልሳም መሣሪያዋን ተክላ አነጣጠረች። በስሌቷ መሠረት ምንጩ የሚገኘው ከሁሉ በታች ካለው ከጓድ ውቤ በረት ውስጥ ሆነ።

ዞር ስትል አያ እንግዳው ከኋላዋ ቆመዋል፤ ውቤም ምን ልትሠራ ነው ብሎ ተከትሏቸው መጥቷል።

«ጓድ ውቤ፣ በረትህ ውስጥ ምንጭ አለ?» አለችው ዓለምእሸት።

«በበረቴ ውስጥ ውሃ ቢኖር ለበሬዎቼ ወንዝ ድረስ ምን አስኬደኝ?»

«ወረቀቱ እንዲያ ነው የሚለው። በእኔ ስሌት።»

እውነተኛው ምንጭ ያለበትን ሁሉም ያውቃል፤ ከመንደሩ በላይ ከትልቁ ዋርካ ሥር ነው። ከምሰሶው እስከ ዋርካው በብረት ሜትር አስለካችው። በስሌቷ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሰባ ስድስት ሊሆን የሚገባው መሬት ላይ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሆኖ ተገኘ። ስድስት መቶ ሰባ ስድስት ሜትር ስታ ነበር። ችካሏም ያንኑ ያህል ከቦታው ወደ ታች ወርዷል ማለት ነው፤ የሁለት ቀን መንገድም ወደዚያው ተጠርጓል።

በዋርካው ሥር ተቀምጣ ፊቷን በመዳፏ ያዘች። አንድ ሐሳብ፣ አጭርና ክፉ፣ መጣላት። ዝም ብትልስ? ጉድጓዱ ቢደርቅ ሰው የሚወቅሰው ምድሪቱን ነው፤ ወይም ቦታውን የመረጠውን ባለሙያ። የእሷን መጽሐፍ ማን ገልጦ ያያል? ብትናገር ግን ያ ዘመን ስህተትን ስህተት ብሎ ብቻ የሚያልፍ ዘመን አልነበረም፤ «አሻጥር» የሚባል ቃል ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። ሐሳቡ የቆየው ባንችይርጋ ካዘቀዘቀው የወንዝ መንገድ ብቅ እስክትል ድረስ ነበር። ደህናውን ክንዷን ወደ ኋላ አዙራ እንስራዋን ደግፋለች፤ ያልቀናው ክንዷ ደረቷ ላይ ተለጥፏል።

ዓለምእሸት ተነሣች።

«ሰዉን ሰብስብልኝ፣ ጓድ ውቤ።»

ተሰበሰቡ። የቆፋሪዎቹ አለቃ ምናለም መጥቶ ከላንድሮቨሩ ተደግፎ ቆመ። እሷም ነገሩን ሳታሳምር ነገረቻቸው። «ችካሉን የተከልኩት ያለ ቦታው ነው። ጥፋቱ የወረቀቱ አይደለም፤ የእኔ ነው። ጉድጓዱ በአንድ አቆጣጠር ተጽፏል፤ እኔ ምሰሶውን በሌላ አቆጣጠር አሰላሁት። ሁለት ቀን በከንቱ አድክሜያችኋለሁ።»

መጀመሪያ የተናገረችው ባንችይርጋ ናት።

«እኛም እኮ ከምንጩ ምነው እንዲህ ራቀ ብለን ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም፣ እትዬ ባንችይርጋ?»

«ተምረሽ መጣሽ። ምን እንበልሽ፣ ዓለምዬ?»

ይህ ቃል ከስድብ በላይ አመማት። ምናለ ሰዓቱን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ከስምንቱ ቀን ሁለቱ ሄደዋል። እኔ ቀን መጨመር አልችልም፤ ትእዛዝ ነው። አዲሱ ቦታ የት ነው? እሱንስ በምን አምነን?»

ዓለምእሸት ወደ ምሰሶው ቀና አለች። «እንደገና ከምሰሶው ላስላና...»

«ምሰሶውን ተይው» አሉ አያ እንግዳው። «ያ ሰው ምንጩንና ጉድጓዱን በአንድ ወረቀት አይደል የጻፈው?»

«በአንድ ነው።»

«እንግዲያ ሁለቱ በአንድ ገመድ ናቸው። ምንጩ የት እንዳለ ላም ሳትቀር ታውቃለች። ከምንጩ ወደ ጉድጓዱ ለኪያ። በመካከሉ ያንቺም ገመድ፣ የአሜሪካኖቹም ገመድ አያስፈልግም።»

ዓለምእሸት ፈጥና ወረቀቷን ገለጠች። የሰሙት ሁሉ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደተባለ አላወቁም፤ እሷ ግን አወቀች። ሁለቱን ቁጥሮች ቀናነሰች። ማንኛውም አቆጣጠር ቢሆን በዚህች አጭር ርቀት ላይ ልዩነቱ ስንዝር አይሞላም። ከምንጩ ሁለት መቶ ሠላሳ ሜትር ወደ ሰሜን፣ አርባ ሜትር ወደ ምሥራቅ። እየለኩ ሄዱ፤ የሜትሩን አንድ ጫፍ አያ እንግዳው ራሳቸው ያዙት፣ ለማንም አልሰጥም ብለው። ያረፉበት ቦታ ጥቁር ድንጋይ በሁለት ስንጥቅ ተሰነጣጥቆ፣ ስንጥቆቹ ተገናኝተው ቁጥቋጦ የበቀለበት ነበር። ምናለ ጎንበስ ብሎ ስንጥቁን በእጁ ዳሰሰ።

«ይህ እንኳ ቦታ ይመስላል» አለ።

ውቤ እሷን ወደ ዳር ጠራት። ፊቱ ላይ ጭንቀት አለ። «ጓድ ዓለምእሸት፣ ለወረዳ ሪፖርት እጽፋለሁ። ምን ብዬ ልጻፍ? ያላግባብ የሰው ጉልበት ባከነ ብዬ ብጽፍ ያንቺን ነገር እኔ አላውቅም።»

እሷ ሳትመልስ አያ እንግዳው ከሩቅ ሰሙት። «የሆነውን ጻፍ። ‹ለካን፣ ደግመን ለካን፣ ቦታው ታረመ› በል። ውሸት አለው?»

ውቤ አሰበበት። «የለውም።»

«ታች የተጠረገውንም ‹የገበያ መንገድ ተጠረገ› ብለህ ጨምር። ቅዳሜ ቅዳሜ አህያዬ ስትንሸራተትበት የኖረችበት ቦታ እኮ ነው።»

ያን ሰሞን ዓለምእሸት ስለ ሰው የነበራት ብዙ ሐሳብ ተናጋ። በማግስቱ ማለዳ «ደከመን» ብሎ የቀረ አልነበረም። እንዲያውም ታች ያልመጡት ሁሉ ላይ መጡ። ጥቁሩን ድንጋይ በመዶሻ እየፈረከሱ፣ በገመድ እየጎተቱ፣ ለመኪናው ጥርጊያ ሠሩ። ይሸረድዷታል፤ «ዓለምእሸት፣ ይህን ድንጋይ በሞስኮ ነው በአሜሪካ የምናነሣው?» ይሏታል። «በላስታ» ትላቸዋለች። ይስቃሉ፤ አብራም ትስቃለች፤ ድንጋዩንም አብራ ትይዛለች። እጇ ተላጠ። ባንችይርጋ ቅቤ ቀባችላት።

በእረፍት መካከል መጽሐፏን ገልጣ የስህተቷን ሥር ፈለገች፤ ካላገኘችው እንቅልፍ አይወስዳትም ነበርና። አገኘችውም። በአገራችን ካርታ አቆጣጠር ከእያንዳንዱ ሺህ ሜትር ላይ ሆን ተብሎ አርባ ሳንቲ ሜትር ይቀነሳል። በሞስኮ አቆጣጠር አይቀነስም። ሰሜን የሚቆጠረው ደግሞ ከምድር ወገብ ጀምሮ ነው፤ ከዚያ እስከ ላስታ ሺህ ሦስት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ አርባ አርባው ሳንቲ ሜትር ተጠራቅሞ አምስት መቶ ሠላሳ ሁለት ሜትር ሞላ። የቀረው መቶ አርባ አራት ሜትር የመጣው ሁለቱ አቆጣጠሮች ምድርን በተለያየ ቅርጽ ስለሚያዩዋት ነው፤ አንደኛው ከላይና ከታች ይበልጥ ጠፍጣፋ ያደርጋታል። የምሥራቁ ቁጥርስ ለምን ልክ መጣ? ላስታ ሁለቱም አቆጣጠሮች ምሥራቅን ለመቁጠር ከሚነሡበት መስመር አጠገብ ስለሆነች ነው። እዚያ መስመር ላይ ሁለቱም ይስማማሉ። ልቧን ያሳረፈላት ያ መስማማት ነው ያታለላት።

ይህን ሁሉ ለአያ እንግዳው በመሬት ላይ በጭራሮ እየሣለች አስረዳቻቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አደመጧት።

«እና ምድር ጠፍጣፋ ናት አልሽ?»

«ክብ ናት፣ አያ። ትንሽ ትደፈጠጣለች።»

«ይሁን። እኔ ወንድማማቾቹን አጣልቼ ሳለ ለምን እንደሆነ ለማወቅ ስድስት ወር ፈጅቶብኝ ነበር። አንቺ በሦስት ቀን አገኘሽው። መማር ይጠቅማል ማለት ነው።»

የሚያሾፉ መስሏት ፊታቸውን አየች። አላሾፉም።

መኪናው በአራተኛው ቀን ደረሰ። መቆፈሪያው ሲነሣ የመንደሩ ውሻ ሁሉ ሸሸ። የመጀመሪያውን ቀን ደረቅ ትቢያ ብቻ ወጣ፤ ሁለተኛውንም ቀን ትቢያ። አርባ ሜትር ላይ ድንጋዩ ጠነከረና ስለቱ ተሰበረ፤ ግማሽ ቀን ሄደ። ዓለምእሸት እህል አልበላ አላት። ቁጥሩ ታርሟል፤ ግን የታረመ ቁጥር ውሃ አይደለም። ባለሙያውስ ተሳስቶ ቢሆን? ምናለ አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«ኢንጂነር፣ አንቺ ድርሻሽን ጨርሰሻል። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔና የድንጋዩ ነው።»

«ታችኛው ቦታ ላይ ውሃ ኖሮ ቢሆንስ?» አለችው።

«ሊኖርም ይችላል፣ ላይኖርም ይችላል። አሥራ አራት ዓመት ብቆፍርም ያልቆፈርኩትን ቦታ አላውቀውም። እዚህ ግን አንድ ሰው አጥንቶ ‹እዚህ ነው› ብሏል። እዚያ ማንም አላለም።»

በሰባተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ሃምሳ ስምንት ሜትር ሲደርስ፣ የሚወጣው ትቢያ ጠቆረ፤ ከዚያ ረጠበ፤ ከዚያ ጭቃ ሆነ። ስልሳ አንድ ላይ ውሃው መኪናው በሚነፋው አየር ተገፍቶ ከጉድጓዱ አፍ ፈነዳና ምናለን ከራስ እስከ እግሩ አለበሰው። ሴቶቹ እልል አሉ። ውቤ መፈክር ሊያሰማ እጁን ከፍ አደረገ፤ ግን የተማራቸው ቃላት ሁሉ ጠፉበት መሰለኝ፣ እጁን ቀስ ብሎ ዝቅ አድርጎ ውሃውን ነካው።

ቧንቧው ገባ፤ ውሃው እስኪጠራ ቀን ከሌሊት ተሳበ፤ በዘጠነኛው ቀን ጠዋት የእጅ ፓምፑ ተገጠመ። ምናለም እንደ ቃሉ መኪናውን አስነሣ።

«ግቢ እንጂ፣ ኢንጂነር። እስከ ሰቆጣ መገንጠያ አደርስሻለሁ።»

ዓለምእሸት ሻንጣዋን እንደያዘች ዙሪያውን አየች። አያ እንግዳው ከሰዉ መካከል አልነበሩም። «እናንተ ሂዱ» አለችው። «አንድ ሰው ሳልሰናበት መሄድ አልችልም።»

አገኘቻቸው፤ ከዋርካው ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኝተው ነበር። ድንጋይ ሲፈነቅል የሰነበተ ሽማግሌ እንቅልፉ ከባድ ነው። አልቀሰቀሰቻቸውም። አጠገባቸው ተቀመጠች። የመኪናው ድምፅ ጥርጊያውን ይዞ ወረደ፣ ራቀ፣ ጠፋ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መኪና ያለ እሷ ሲሄድ ነፍሷ አብራው ትሄድ ነበር። አሁን ግን የሽማግሌው ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ሲል እያየች፣ ምን ብላ እንደምታመሰግናቸው ቃል ስትመርጥ ቆየች። በአማርኛ ፈለገች፣ በሩሲያኛም ፈለገች። ያገኘችው ሁሉ አነሰባት።

ፀሐይዋ ዋርካውን ስትዞር ዓይናቸውን ገለጡ።

«መኪናው ሄደ?»

«ሄደ፣ አያ።»

«አንቺስ በምን ልትሄጂ ነው?»

«እንጃ። በእግሬ። ወይም ነገ።» ወደ እሳቸው ጠጋ አለች። «አያ፣ እርስዎ ባይጠይቁኝ ኖሮ ይህች አገር ያቺን አንድ ጉድጓድ በእኔ እጅ ታጣት ነበር። እንዴት እንደማመሰግንዎ...»

አያ እንግዳው እጃቸውን አወዛወዙ፤ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው። ቀስ ብለው ቀና አሉና ጀርባቸውን ለዋርካው ሰጡ።

«አፌ ደርቋል» አሉ። «ካልሄድሽስ ውሃ አምጪልኝ።»

ከባንችይርጋ ቤት ቅል ተውሳ ወደ ፓምፑ ሄደች። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ከገደሉ ማዶ ካሉ መንደሮች እንኳ እንስራ ያዘሉ ሴቶች መጥተዋል። ሲያዩዋት መንገድ ለቀቁላት። «ለእሷስ ተራ የለም፣ ትለፍ» አለች አንዷ።

«አይሆንም፤ ተራዬን እጠብቃለሁ» አለች ዓለምእሸት፤ ሄዳም ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች። ከፊቷ የነበረችው ባንችይርጋ ናት። ዞራ ባልቀናው ክንዷ እንስራዋን ወደ ዳር ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጠቻት፤ ሁለቱም ፓምፑ ከፍ ዝቅ ሲል እያዳመጡ አንድ እርምጃ፣ ከዚያም ሌላ እርምጃ ተጠጉ።